አረንጓዴ ክብ

ባለቤቴ ብስክሌት መንዳት የተማረችው በ39 ዓመቷ ነው። ቦታው ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ ያለው የመኪና ማቆሚያ። ብስክሌቱ ፔዳል አልነበረውም፤ ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ልጽፍ የተነሣሁት ስለዚያ ቀን ነበር። ግን ከዚያ በፊት አንድ የተበላሸ ቅዳሜ አለብኝ፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ ባለቤቴ አታልፈኝም።

የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ታብሌታቸው ላይ እንደተደፉ ይመሽ ነበርና፣ እኔ ሆዬ ሦስት ብስክሌት ገዝቼ መኪናው ጀርባ ላይ ጭኜ ወደ ጫካ ነዳሁ። እዚህ አገር ጫካ ለጫካ የሚሄድ፣ ለብስክሌት ተብሎ የተጠረገ ቀጭን መንገድ ሞልቷል። ትሬል ይሉታል። መግቢያው ላይ የከባድነቱን ልክ የሚናገር ምልክት ይተከላል፦ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ። ምልክቱን የብስክሌት ሰዎች የወሰዱት ከበረዶ ሸርተቴ ነው።

እኔ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። ሰፈራችን ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ ልጅ ነበር። የእሱ ሩብ ሰዓት ከሌላው ሰው ሩብ ሰዓት ታጥራለች፤ ሰዓት ያሰረው እሱ ብቻ ስለሆነ ማን ይከራከረዋል? አንዱ እየነዳ ሦስቱ ከኋላው እየሮጡ፣ ፍሬኑ የጫማችን ሶል ሆኖ፣ ያን ቁልቁለት ስንወርድ ነው ያደግነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አረንጓዴ ክብ ሲያይ ዳዊት የደገመን ተማሪ የፊደል ገበታ ፊት እንደማቆም ይቆጥረዋል። ሰማያዊውን ያዝኩ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የመንገዱ አይደለም።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ደስ ይል ነበር። ከዚያ ሥር መጣ። የዛፍ ሥር፣ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ፣ የጠዋት ጤዛ ያረጠበው። ወንዱ ልጄ ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ብቻ ጨበጠ። ብስክሌቱ ቀጥ ሲል እሱ በመሪው ላይ አልፎ ሄደ። ክርኑ ተላጠ፤ ደግነቱ ከዚያ ያለፈ ነገር አልደረሰበትም። ትንሿ ግን ይህን ካየች በኋላ ሥር ባየች ቁጥር እየወረደች፣ ብስክሌቷን እየጎተተች ሄደችና በመጨረሻ አንዱ ሥር ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ መኪናችን በየት በኩል ነው?»

መንገዱ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም ነበር፤ እኛ ደግሞ ግማሹ ላይ ነን። ወደ ፊት ብንሄድም ወደ ኋላ ብንመለስም ያው ነው። ልጅ ይዤ የማይቋረጥ ነገር ውስጥ እንደገባሁ ያን ጊዜ ገባኝ። የእሷን ብስክሌት ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የራሴን እየገፋሁ፣ ስንወጣ ሁለት ሰዓት አልፏል። ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ሆና ስትጠብቀን ቆይታለች፤ ስልኳ ኔትወርክ የለውም፣ ፔርሙሱ ባዶ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ብስክሌት ልትነዱ ነው የሄዳችሁት ወይስ እንጨት ልትለቅሙ?» አለችኝ። ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን በየቀኑ እያየሁ ላደግሁት ለእኔ፣ ቀልዱ ዘልቆ ነው የገባው።

ማታ ላይ ነገሩን ልመርምር ብዬ መጀመሪያ ያወጣሁት የሻንጣ ሚዛኑን ነው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ቤት የማይጠፋውን፣ መንጠቆ ያለውን። የልጅቷ ብስክሌት 13 ኪሎ ተኩል መዘነ። እሷ ራሷ 23 ኪሎ ናት፤ ልክ አንድ የተፈቀደ ሻንጣ። 78 ኪሎ የምመዝነውን እኔን 46 ኪሎ ገደማ ብስክሌት ላይ አውጥቶ ዳገት ውጣ እንደማለት ነው። ክብደቱን ከሚያበዙት አንዱ ከፊት የተገጠመው ሞላ ነው። ሲያዩት የተራራ ብስክሌት ያስመስለዋል፤ እንዲህ የቀለለች ልጅ ስትቀመጥበት ግን ሞላው እሺ ብሎ አይታጠፍም፣ ዝም ብሎ የሚጎተት ብረት ነው። መለስኩትና ያገለገለ፣ ሞላ የሌለው፣ 9 ኪሎ የማይሞላ ገዛሁላት። ለልጅ ብስክሌት የምትገዙ ሰዎች ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ቀጥሎ ምልክቶቹ በልኬት ምን ማለት እንደሆኑ አነበብኩ። (ከመሄዴ በፊት መሆን የነበረበት።) ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ባወጣው መመዘኛ፣ አረንጓዴ ክብ የሆነ መንገድ ቢያንስ 36 ኢንች፣ ማለትም ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። አማካይ ዳገቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ዞር ብለው የማያልፉት እንቅፋት ቢኖር ከ2 ኢንች አይዘልም፤ ሦስት ጣት ያህል በሉት። ሰማያዊ ካሬ ላይ ስፋቱ ወደ 24 ኢንች ይወርዳል፣ እንቅፋቱ እስከ 8 ኢንች ይፈቀዳል። ይህን 8 ኢንች ከጎማ ጋር አስተያዩት። የሴት ልጄ ጎማ 20 ኢንች ነው፤ ከመሬት እስከ መሀል እምብርቱ 10 ኢንች። 8 ኢንች የሆነ ሥር እምብርቱ ላይ ሊደርስ ሁለት ኢንች ብቻ ይቀረዋል። የኔ ጎማ 29 ኢንች ነው። አብረን አንድ መንገድ ላይ የነበርን መስሎኝ ነበር እንጂ፣ አልነበርንም። እኔ ጉብታ ያልኩት እሷ ዘንድ ግድግዳ ነው። ምልክቱን ያነበብኩት በራሴ ቁመት ነበር።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳስረዳት ቆየችና «እኔስ?» አለች። «ሁልጊዜ መኪና ጠባቂ ነኝ?»

ያደገችው ደሴ ነው። ወንድሞቿ ብስክሌት ሲከራዩ የእሷ ድርሻ ሹራባቸውን ይዞ መቆም ነበር። አትንጂ ያላት የለም፤ ንጂም ያላት የለም። ሜዳ በሜዳ የሆነችው ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብታድግ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኔ የማውቀው የማስተማሪያ ዘዴ ደግሞ አንድ ነው፦ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጡ «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ» ማለት፣ ከዚያ ሳይናገሩ መልቀቅ። እኔን ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። የ39 ዓመት ሴት ግን እንዲህ ዋሽተህ ብትለቃት ሁለተኛ እጅህን አታምንም።

ስለዚህ የሕፃናቱን ዘዴ ያዝን። ኮርቻውን ሁለቱም እግሯ በሙሉ ተረከዝ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ዝቅ ማድረግ፣ ፔዳሎቹን ፈትቶ ማውጣት። ቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ይፈታል። ግራው ግን ተገልብጦ ነው የተሠራው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው፤ እየተረገጠ ሲሄድ በራሱ ጊዜ እንዳይላላ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሩብ ሰዓት ሙሉ (የእውነተኛውን ሩብ ሰዓት) ላቤን እያንጠባጠብኩ ሳጠብቀው ቆየሁ። የሰፈሬ ጎሚስታ ቢያየኝ ጉድ ይል ነበር።

እንግዲህ ፔዳል አልባው ብስክሌት ላይ ተቀምጣ በእግሯ እየገፋች ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ዳክዬ ነው። ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ወጥቷል፣ መሪውን አንቃ ይዛዋለች። ቀስ በቀስ እርምጃዋ ረዘመ። ከዚያ ድንገት ሁለቱንም እግሯን አንሥታ፣ ሦስት መኪና የሚቆምበትን ያህል ቦታ ተንሸራትታ ሄደች። ልጆቹ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ። አራት መኪና። ስድስት መኪና። አንዱን ነጭ ቫን ልትገጭ ስትል ጩኸት። ዘጠኝ መኪና። አሥራ አንድ ላይ ፔዳሎቹን ከኪሴ አወጣሁ። እነሱን ከገጠምኩ በኋላ የቀረው አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ከባዱ ነገር ሚዛኑ ነበርና እሱን ጨርሳዋለች።

የት እንንዳ ለሚለው መልሱ ከቤታችን 20 ደቂቃ ነበር። ቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ ሰው ባጭሩ ሲ ኤንድ ኦ የሚለው። ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ይዞ እስከ ከምበርላንድ ሜሪላንድ 184 ማይል ተኩል ይሄዳል። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1828 ተጀምሮ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች እስከ 1924ቱ ጎርፍ ድረስ ተመላልሰውበታል። ጀልባው ሞተር የለውም፤ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ ብስክሌት የሚነዳበት ከቦዩ ጎን ያለው መንገድ፣ የበቅሎዎቹ መንገድ ነው።

ይህ ለጀማሪ ምን እንደሚጠቅም አስቡት። ቦይ ዳገት አይወጣም፤ ከፍ የሚለው በ74 የውሃ በሮች ደረጃ በደረጃ ነው። ሎክ ይሏቸዋል። በሎክና በሎክ መካከል መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው የከፍታ ልዩነት ተደምሮ 605 ጫማ፣ ማለትም 184 ሜትር ገደማ ነው። 184 ማይል፣ 184 ሜትር፤ በአንድ ማይል አንድ ሜትር! ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ያለችው ዳገት ብቻዋን ከዚህ ሁሉ ትበልጣለች። መሬቱ ደግሞ አስፋልት አይደለም። የደቀቀ ድንጋይና አፈር ነው፣ አልፎ አልፎ ሥርና ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለበት። ይህም ይጠቅማል። አስፋልት ላይ የለመደ ሰው አፈር ላይ ሲመጣ እንደ አዲስ ይፈራል፤ እዚህ ግን ጠጠሩ ከጎማ ሥር ሲንኮሻኮሽ ጆሮም እጅም ከመጀመሪያው ቀን ይለምደዋል።

አውራ ጎዳና ሊሠሩበት አስበው እንደነበር ሳውቅ ገረመኝ። በ1954 ዋሽንግተን ፖስት ሐሳቡን ደግፎ ርዕሰ አንቀጽ ሲጽፍ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ጸሐፊዎቹን ኑ፣ አብረን ቦዩን በእግር እንሂድና አይታችሁ ፍረዱ አላቸው። ሄዱም። ጎዳናው ቀረ፤ ቦታው በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ዳኛ እንዲህ ነው» አለች፤ ሌላ የጨመረችውን አልጽፈውም።

እኛ የምንነሣው ራይሊስ ሎክ ከሚባለው ነው፤ 24ኛው ሎክ፣ ሴኔካ ክሪክ ከፖቶማክ የሚገናኝበት። ድንጋዩ ቀይ ነው። ዋሽንግተን መሀል ያለው ቤተ መንግሥት መሳዩ የስሚዝሶኒያን ሕንፃ የተሠራው ከዚሁ ከሴኔካ በወጣ ድንጋይ ነው። ከዚህ ሽቅብ ሲሄዱ ቦዩ በአብዛኛው ደርቋል። ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ጉድጓድ ውስጥ ዛፍ በቅሎ፣ አጋዘን ቆማ ታይሃለች። በዚያ ዘመን ቤተሰብ ከነልጆቹ ጀልባው ላይ ይኖር ነበር፤ በቅሎዎቹን በእግር እየነዱ የሚሄዱትም ብዙ ጊዜ ልጆች ነበሩ። ይህን ለትንሿ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው «ታብሌት ነበራቸው?» ብላ ነው።

ደንቡ ጥቂት ነው። ፍጥነት በሰዓት ከ15 ማይል አይበልጥም፣ ለእግረኛና ለፈረስ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ከኋላ ሲደርሱ ደወል መደወል ግዴታ ነው። ደወሉን ልጅቷ ሥራዬ ብላ ያዘችው። ለሰው ትደውላለች፣ ለዳክዬ ትደውላለች፣ ፀሐይ ለምትሞቅ ኤሊ ሳይቀር ትደውላለች።

ዋናው ነገር ግን መመለሻው ነው። ይህ መንገድ አይዞርም፤ በሄድክበት ነው የምትመለሰው፣ ስለዚህ የትም ላይ ማቆም ይቻላል። መመለሻውን የምትወስነው ትንሿ እንድትሆን ተስማማን። «በቃ» ስትል በቃ ነው፤ ክርክር የለም፣ «ትንሽ ብቻ እንጨምር» የለም። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ማይል እንኳ ሳንሄድ በቃ አለች። እውነቱን ለመናገር ሆዴ ቆረጠ፤ ብስክሌቶቹን ለመጫን የፈጀብኝ ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ግን ዞርን። ልጅ ደከመኝ ካለ እኮ ረፍዷል፤ የመጣውን ያህል ገና ይቀረዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማይል፣ ከዚያ ሁለት። ከራይሊስ ሎክ 3 ማይል ገደማ ላይ ድንኳን ተክለው ለሚያድሩ መንገደኞች የተዘጋጀች ቦታ አለች፤ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚነቀነቅ የውሃ ፓምፕ ያላት። ልጆቹ ፓምፑን ለመነቅነቅ ሲሉ ብቻ ሦስት ማይል መንዳት ጀመሩ። እኔ ልጅ ሆኜ ውሃ ቅዳ እንዳልባል ነበር የምደበቀው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ እውነተኛው ጫካ ተመለስን፤ በዚህኛው ግን አረንጓዴውን ይዘን። ሼፈር ፋርምስ ይባላል፣ በሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ ነው። መንገዱ ከዛፍ ወደ እርሻ ጠርዝ ይወጣል፣ እንደገና ዛፍ ውስጥ ይገባል። እዚያ ዛፎቹ ላይ የምታዩት ነጭና ቢጫ ቀለም የመንገዱ መለያ እንጂ የከባድነቱ ልክ አይደለም፤ እኔ መጀመሪያ ተምታቶብኝ ነበር። ከመግባታችን በፊት ጎማዎቹን አስተነፈስኩ። ጎማ ጥሩ የሚሆነው ሲጠነክር ነው ተብሎ ነው ያደግነው፤ ጎሚስታው በአውራ ጣቱ ተጭኖ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋልና። አፈር ላይ ተቃራኒው ነው። በፒ ኤስ አይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ ነው) 40 የነበረውን የራሴን ወደ 25 ሳወርደው ጎማው ሥሩን ነክሶ ያልፍ ጀመር፣ ወገቤም አረፈ።

ወንዱ ልጄ ያን የወደቀበትን ነገር ቂም ይዞበታል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሎቹን እኩል አግድም አድርጎ መቆምን፣ ክርንና ጉልበት ማጠፍን፣ ሁለቱንም ፍሬን በአንድ አንድ ጣት ቀስ አድርጎ መሳብን ሣሩ ላይ ስንለማመድ ከረምን። ዓይን ግን አስቸገረው። ሥሩን አትየው፣ ከሥሩ ወዲያ ያለውን መንገድ እይ ብለው አይሰማም። ካየኸው ትሄድበታለህ፤ ብስክሌት ዓይንን ነው የሚከተለው። አንድ ጊዜ እህቱ ከፊቱ እየነዳች ስትስቅ እሷን ሲያይ ሁለት ሥር ሳያውቀው አለፈ። ዞር ብሎ አይቶ «እነዚህን እኔ ነኝ ያለፍኳቸው?» አለ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ግን አንሄድም። ጭቃ ላይ የተነዳ ጎማ ቦይ ያወጣል፣ ቦዩ ይደርቃል፣ ውሃው በሚቀጥለው ዝናብ እሱን ይዞ መንገዱን ያጥበዋል። መንገዱን አካፋ ይዘው የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራይሊስ ሎክ ይዘናት ሄድን።

«የት ልትሄዱ ነው?» አለች ብስክሌት ሲወርድ አይታ።

«የትም። ሄደን እንመለሳለን።»

«ሄዶ ለመመለስ?» ጥቂት አሰበችና «እንጦጦም አሁን ብስክሌት መንጃ ሠርተውበታል። ሰው እንጨት ሳይዝ ወጥቶ ይወርዳል» አለች።

መንገዱ ለበቅሎ የተሠራ መሆኑን ስነግራት ግን ነቃ አለች። አባቷ በቅሎ ነበራቸው። ነጠላዋን ሰብስባ ከወንበሩ ተነሣች፣ መንገዱን በጫማዋ ጫፍ ጫን ጫን እያደረገች ሞከረችው፣ ወዲያ ወዲህ ለካችው። «በቅሎ እኮ ጫፍ ጫፉን ነው የምትሄደው» አለች፤ «ውሃው ውስጥ እንዳትገባ ምን ያደርጓት ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ወደ ፓምፑ ሄደዋል፤ ባለቤቴም ከእነሱ ጋር። እኛ ከቀዩ ድንጋይ አጠገብ ቡና ይዘን ቁጭ እንዳልን አንድ ብስክሌት ከዛፎቹ ጥላ ወጣ፣ ትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ረጋ ብሎ።

«ያቺ እሷ ናት?» አለች እናቴ። «እሷ ናት?»

ባለቤቴ ሰላም ልትላት እጇን ከመሪው ልታነሣ አለችና ተወችው። በአንድ እጅ መንዳት ገና አልቻለችም። ደወሏን ደወለችላት።